የሲኒማ ቤት እንባ ዋጋው ምንድር ነው?

ከሲኒማ ቤት የወጣ ሰው «ፊልሙ እንዴት ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አስለቀሰኝ» የሚል ነው። ይህም መልስ እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ታላቅ ምስጋና ይቆጠራል። በሌላው የኑሮ ክፍል ያስለቀሰንን ሰው እንከሰዋለን፤ ወይም እንሸሸዋለን። ያስለቀሰንን ፊልም ግን ገንዘብ ከፍለን እናየዋለን፤ ወዳጃችንንም «ሄደህ እየው» ብለን እንመክረዋለን። እኛም ፊልም ከሚወዱትና በፊልም ከሚያለቅሱት ወገን ስለ ሆንን ይህ ነገር ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያሳስበናል። በጨለማ ውስጥ ተቀምጠን፣ ከሸራ ላይ ጥላነት በቀር ሕይወት ለሌለው ሰው የምናፈሰው እንባ ዋጋው ከቶ ምንድር ነው? ልባችን ደግ ለመሆኑ ምስክር ነውን? ወይስ ደግነትን ያለ ድካም የምንቀምስበት መዝናኛ ብቻ ነው?

ጥያቄው ከሲኒማ የቀደመ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ስለ ቅኔና ስለ ቴአትር በጻፈው መጽሐፍ፣ የኀዘን ቴአትር በተመልካቹ ልብ ርኅራኄንና ፍርሀትን ቀስቅሶ እነዚህኑ ስሜቶች የሚያጠራ መሆኑን አመልክቷል። በእርሱ አስተያየት እንባው መድኃኒትነት አለው ማለት ነው። አውግስጢኖስ ግን በኑዛዜው መጽሐፍ፣ በወጣትነቱ በካርታጎ ከተማ ሲማር ቴአትር ማየት ይወድ እንደ ነበር አስታውሶ፣ ተመልካቹ እንዲያዝን እንጂ እንዲረዳ የማይጠራበት ምሕረት ምን ዓይነት ምሕረት ነው ሲል ይጠይቃል። ፈረንሳይኛ ጸሐፊው ሩሶም በ1758 ዓ.ም. ለዳላምቤር በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰዎች እንባቸውን ለመድረኩ ታሪክ ከሰጡ በኋላ ለሰው ልጅ የሚገባቸውን ሁሉ እንደ ፈጸሙ ይቆጥሩታል ብሎ ነቀፈ። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ደግሞ በ1890 ዓ.ም. ባሳተመው የሥነ ልቡና መጽሐፍ የአንዲት ሩስያዊት እመቤት ምሳሌ ሰጥቷል። እመቤቲቱ በቴአትር ቤት ውስጥ ለታሪኩ ሰዎች ስታለቅስ፣ ሠረገላ ነጂዋ በውጭ በመቀመጫው ላይ እንዳለ በብርድ ይሞታል። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እነዚህ ሊቃውንት የተናገሩት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ስለ እንባ ለመመርመር የራሳችንም ልማድ ብዙ የሚያስተምረን ይመስለናል። ሕዝባችን «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላል። በለቅሶ ቤት አስለቃሽዋ ሙሾዋን ስታወርድ፣ ሟቹን በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ያላየ ሰው ሳይቀር ያለቅሳል። አንዱ እናቱን፣ ሌላው ልጁን፣ ሦስተኛው ወንድሙን ያስታውሳል። ስለዚህ ለሌላ ሰው በተነገረ ቃል ማልቀስ ሐሰተኛ እንባ ነው የሚል በአገራችን የለም። ይሁን እንጂ ለቀስተኛው አልቅሶ ብቻ አይበተንም። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ ወዳጅ ዘመድ ከኀዘንተኛው ጋር ያመሻል፤ ያድራልም። ከሁሉ ይልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ አልቅሶ፣ በማግሥቱ ግን በዚያ ደጅ ያልታየውን ሰው ሕዝቡ ምን እንደሚለው የታወቀ ነው። እንባው አልተነቀፈበትም፤ የተነቀፈበት እንባውን ለብቻው ትቶት መሄዱ ነው። እንግዲህ ሲኒማ ቤት ማለት ለቅሶ ያለበት፣ እዝን ግን የሌለበት ቤት ነው። ጭንቁም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ እንባ ከንቱ አለመሆኑን እንመልከት። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 ዓ.ም. ያወጣው «የብስክሌት ሌቦች» የተባለው የኢጣልያ ፊልም አንቶኒዮ የሚባል የሮማ ድኻ ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ በግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ይጠይቃል። ሚስቱ የአልጋዋን አንሶላዎች ገፍፋ መያዣ ተቀብሎ ገንዘብ ከሚያበድር ቤት ታስይዝና በመያዣ የነበረውን ብስክሌት ታስለቅቃለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ እርሱ መሰላል ላይ ቆሞ ሲለጥፍ ብስክሌቱ ይሰረቃል። ከትንሽ ልጁ ከብሩኖ ጋር ከተማውን ሲያስስ ውሎ ተስፋ በቆረጠ ጊዜ፣ እርሱ ራሱ የሌላ ሰው ብስክሌት ይሰርቃል፤ ወዲያውም ይያዛል። ሰው ከብቦ ሲመታውና ሲሰድበው ልጁ እያለቀሰ ያያል። የብስክሌቱ ባለቤት ግን የልጁን ፊት ተመልክቶ አባቱን ይለቀዋል።

እዚህ ላይ የሚመጣው እንባ ከሌላው የተለየ ነው። ሙዚቃ አስጩኾ፣ ሕፃን አሳምሞ፣ እናት ገድሎ ከተመልካቹ እንባ የሚጨምቅ ፊልም ሞልቷል፤ ከእንዲህ ያለው ፊልም የወጣ ሰው ፊቱን ከመጥረግ በቀር የሚቀርለት ነገር የለም። ዴ ሲካ ግን ከእንባው ጋር ማስተዋልን ይሰጠናል። በመንገድ ላይ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ከሚሮጡት ጋር የሚሮጥ ሰው፣ በዚህ ፊልም ለአንድ ጊዜ ከሚባረረው ሰው ጋር ይሮጣል። ፊልሙ ሌብነት መልካም ነው አይልም፤ ሌባ የተባለው ሰው ከየት ተነሥቶ እዚያ እንደ ደረሰ ያሳየናል እንጂ። ስለዚህ የመጀመሪያው የእንባ ዋጋ ዐይንን መግለጥ ነው እንላለን። አሪስቶትል ስለ መጥራት የተናገረውም በዚህ ረገድ እውነትነት ያለው ይመስለናል።

ሆኖም የዚያው ፊልም ታሪክ ሌላውንም ወገን ይመሰክራል። የአንቶኒዮን ክፍል የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ በሙያው ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፊልሙ በብዙ አገር ዝናን ሲያተርፍ፣ እርሱ ወደ ፋብሪካው ቢመለስም ከሥራው ተሰናበተ፤ ከዚያም በኋላ ኑሮ ከበደው። ሥራ ላጣው ለአንቶኒዮ ብዙ ሕዝብ አለቀሰ፤ አንቶኒዮን የመሰለው ሰው ግን በእውነት ሥራ ሲያጣ እንባው አልደረሰለትም።

ሁለተኛው የእንባ ዋጋ ማስታወስ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተባለው ፊልም፣ በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ በአብዮቱ ዘመን ወደ አገሩ የተመለሰውን የአንበርብርን ሕይወት ያሳያል። ወዳጆች በሐሳብ ተለያይተው ሲጠፋፉ፣ በኋላም በገጠር ወጣቶች ከጦር ምልመላ ሸሽተው በዋሻ ሲደበቁ እናያለን። በዚያ ዘመን ወንድሙን ወይም ልጁን ያጣ ተመልካች የሚያለቅሰው ለአንበርብር ብቻ አይደለም፤ በሰው ለቅሶ የራሱን ሙት ያነሣል። ይህም መልካም ነው፤ ያልተለቀሰለት ሙት ብዙ ነውና። ነገር ግን ከዚያ ዘመን የተረፉ እናቶችና አባቶች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ለፊልሙ እናት አልቅሶ፣ በግቢው ማዶ ያለችውን አሮጊት «እንዴት ሰነበቱ?» ሳይል የሚያልፍ ሰው፣ ማስታወሱን ከግማሽ መንገድ መልሶታል።

ሦስተኛው ዋጋ ውሳኔ ነው። አንባቢዎቻችን አብዛኞቹ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለ ሆኑ ይህኛው ይበልጥ ይነካናል። አኪራ ኩሮሳዋ በ1952 ዓ.ም. ያዘጋጀው የጃፓን ፊልም «ኢኪሩ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «መኖር» ማለት ነው። ዋናው ሰው ካንጂ ዋታናቤ በከተማው አስተዳደር የአንድ ክፍል ሹም ነው። 30 ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ ኖሯል፤ አንድም ነገር አልሠራም። የአንድ ሰፈር ሴቶች፣ ቆሻሻ ውሃ የተኛበት ቦታ ደርቆ የልጆች መጫወቻ ይሆን ዘንድ ቢያመለክቱ፣ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲልካቸው ዞረው ዞረው ከተነሡበት መስኮት ይመለሳሉ። ዋታናቤ ግን የሆድ ነቀርሳ ይዞት ዕድሜው ማለቁን ሲያውቅ፣ መጀመሪያ በመጠጥና በጭፈራ ሊረሳው ይሞክራል፤ በመጨረሻ ያንን ማመልከቻ ከተከመረው ወረቀት መካከል ያወጣዋል። ከቢሮ ወደ ቢሮ እየዞረ፣ እጅ እየነሣ፣ እየተሰደበም ሜዳውን ያሠራል። በረዶ በሚወርድበት ሌሊት በዚያው ሜዳ በዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ሳለ ይሞታል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን ከሞቱ ይልቅ የሚከብድ ነው። በለቅሶው ላይ ምክትል ከንቲባው የሥራውን ምስጋና ለራሱ ይወስዳል። የሰፈሩ ሴቶች ገብተው በሟቹ ሥዕል ፊት ሲያለቅሱ ሹማምንቱ ያቀረቅራሉ። እየመሸ ሲሄድ፣ የዋታናቤ የሥራ ባልደረቦች እየጠጡ ታሪኩን አንድ በአንድ ያነሣሉ፤ ምን እንዳደረገም ይረዳሉ፤ ያለቅሳሉ፤ ከእንግዲህ እንደ እርሱ እንሠራለን ብለው ይምላሉ። በሌላ ቀን በመሥሪያ ቤቱ አንድ ባለጉዳይ ይመጣል፤ አዲሱ የክፍል ሹም ወደ ሌላ ክፍል ይመራዋል። ከሠራተኞቹ አንዱ ብድግ ይላል፤ ሁሉም ያዩታል፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ተቀምጦ ከወረቀቱ ክምር በስተኋላ ይሰወራል።

ኩሮሳዋ ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ለዋታናቤ ያለቀስነው ተመልካቾች፣ አልቅሰው ከማሉት ጸሐፊዎች ጎን ተቀምጠን ራሳችንን እናገኘዋለን። የእነርሱ እንባ የውሸት አልነበረም፤ ከአንጀት ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም እስከ ማግሥቱ አለማደሩ ነው። ከ70 ዓመት በኋላ በ2022 ዓ.ም. ይኸው ታሪክ ወደ ለንደን መሥሪያ ቤት ተዛውሮ በካዙዎ ኢሺጉሮ ድርሰት በእንግሊዝ አገር እንደገና ፊልም ሆነ። ባለጉዳይን ማመላለስ የአንድ አገር ጠባይ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አንድ ሰው ተነሥቶ «አንቶኒዮም ዋታናቤም በልብ ወለድ የተፈጠሩ ናቸው፤ ለሌለ ሰው ምን ዕዳ አለብኝ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። እኛም ዕዳው ለእነርሱ የሚከፈል ነው አንልም፤ ከቶም አይቻልም። ነገር ግን እነርሱ ያስተማሩን ማየት በሲኒማ ቤት በር ላይ የሚመለስ የተከራዩት ዕቃ አይደለም። ሥራ ያጣው ሰው፣ ልጇን የምታስታውሰው አሮጊት፣ በመስኮታችን ፊት ወረቀት ይዞ የቆመው ባለጉዳይ በእውነት አሉ። ዕዳውን ተቀባዮቹ እነዚህ ናቸው።

ሌላው ደግሞ «ቀኑን ሙሉ ደክሜ ለመዝናናት የገባሁበት ቤት ለምን ስብከት ይሆንብኛል?» ይላል። እኛም ድካምን በፊልም ማሳረፍን አንነቅፍም፤ ማልቀስም ማሳረፊያ ነው። የምንቃወመው እንባን እንደ ክፍያ መቁጠርን ብቻ ነው። አልቅሶ ቀልሎት የሚወጣ ሰው፣ የቀለለው ሸክሙ እንጂ ግዴታው አለመሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

እንግዲህ አንድን ፊልም ለመመዘን «አስለቀሰህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የሚበቃ አይደለም። ሽንኩርትም ያስለቅሳል። ከዚህ ይልቅ በማግሥቱ ጧት፣ ዐይናችን ደርቆ ከሥራችን ገበታ ስንቀርብ «ወደ ማን ላከህ?» ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ ይሻላል። የሚመለስልን ስም ካለ፣ የፊልሙም እንባ የእኛም እንባ ዋጋ አግኝቷል። ስም ካልተመለሰልን ግን ፊልሙን ከመውቀሳችን በፊት በጠረጴዛችን ላይ የተከመረውን ማመልከቻ ገለጥ ገለጥ አድርገን እንይ።