ሥራ ተፈጸመ የሚባለው መቼ ነው?

ሰው በእጁ የሚሠራው ሥራ ሁሉ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። መጀመሪያውን ማወቅ አያስቸግርም፤ መጨረሻው ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። እኔ በትርፍ ጊዜዬ ሹራብ የምሠራ ጡረተኛ አስተማሪ ስለ ሆንሁ፥ ይህን ጥያቄ በክርና በመርፌ ልመረምረው ወድጃለሁ። ጉዳዩ ለአንባቢ ትንሽ መስሎ ቢታይ እንኳ፥ ከትንሽ ነገር የሚገኘው ትምህርት ሁልጊዜ ትንሽ አይደለም።

ሹራብ መሥራት የተማርሁት በ1963 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያ መርፌዎቼ፥ አባቴ ከአሮጌ ብስክሌት ቸርኬ ነቅሎ ጫፋቸውን በድንጋይ የሞረዳቸው ሁለት ሽቦዎች ነበሩ። በነዚያ ሽቦዎች ለታናሽ ወንድሜ አንዲት ሹራብ ሠራሁለት። አንደኛው እጅጌዋ ከሌላው ይረዝም ነበር፤ አንገቷም ስለ ጠበበ ልጁ ራሱን ባስገባ ቍጥር ያለቅስ ነበር። መምህሬ አንገቷን አስፈትታ እንደ ገና አሠራችኝ፤ እጅጌዋን ግን «እርሱ ይታጠፋል» ብላ ተወችው። አንዱን ስሕተት አስፈትታ ሌላውን ለምን እንደ ተወችው ያን ጊዜ አልገባኝም። ሹራቧም ከወንድሜ አልፋ ለሁለቱ ታናናሾቹ ደረሰች።

ዛሬ የሥራ ዕቃዬ በዝቷል። በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ መቀስ፥ ሜትር፥ የረድፍ መቍጠሪያ፥ ቀጭንና ወፍራም መርፌዎች አሉኝ፤ እነዚያም ሁለት ሽቦዎች አብረው ይኖራሉ። እውነቱን ለመናገር፥ አንዳንድ ቀን ከመሥራት ይልቅ እነዚህን እያወጣሁ ስደረድር መዋል ደስ ይለኛል። ዕቃን መውደድ ነውር አይደለም፤ አናጢም መጋዙን ይወዳል። ነገር ግን ዕቃ አገልጋይ ነውና፥ ጌታ የሆነ እንደ ሆነ ሥራው ይታሰራል። ይህንም የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመንደራችን የሌሊት ዘበኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በግንቦት ወር «አባባ፥ ክረምቱ ሳይገባ ሹራብ እሠራልዎታለሁ» አልኋቸው። እርሳቸውም «እጅሽ ይባረክ፥ እትዬ» ብለው መረቁኝ። ሥራውን ወዲያው መጀመር ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን በውጭ አገር የምትኖረው ልጄ የቀርከሃ መርፌ እልክልሻለሁ ብላኝ ስለ ነበር፥ በጐበጠው በአሮጌው የአሉሚኒየም መርፌ አልሠራም ብዬ ሰኔን በመጠበቅ አሳለፍሁት። መርፌው መጣ፤ ሥራውም ተፋጠነ። በሐምሌ አጋማሽ ከትከሻው ልደርስ ስል፥ ከታች በጠርዙ አጠገብ በግልባጭ መሠራት የነበረበትን አንድ ቦታ በፊት ለፊት ሠርቼው አየሁ። ከኔ በቀር የሚያየው አልነበረም። እኔ ግን እንቅልፍ ነሣኝና ሁለት ስንዝር ያህል ተረተርሁት።

በነሐሴ ሽማግሌው ታመሙ፤ ዘመዶቻቸውም መጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው ወሰዷቸው። ሹራቡ ያለቀው ከሄዱ ከሳምንት በኋላ ነው። በጥቅምት ማረፋቸውን ሰማን። ሕመማቸው ከብርድ የመጣ ነው ብዬ አልፈርድም፤ በዚያ ሐምሌ ግን እንደ በረዳቸው አውቃለሁ። አንድ ቀንም ቢሆን «ሹራቡ ምን ደረሰ?» ብለው አልጠየቁኝም። እኔም ነውር የሌለበትን ሹራብ አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁት።

ከዚያ በኋላ የመምህሬ ነገር ገባኝ። በሹራብ ሥራ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንደኛው፥ ከክር ቀለበቶቹ አንዲቱ ከመርፌው ስታመልጥ ነው። ያመለጠችው ቀለበት ከበታቿ ያለችውን ትፈታለች፥ ያችም ሌላይቱን፤ ካልተያዘችም ልብሱ ከላይ እስከ ታች እንደ መሰላል ይከፈታል። እንዲህ ያለውን ማለፍ ለባሹን ማታለል ነው። ሁለተኛው፥ አንዲት ቀለበት ፊቷን አዙራ ስትቀር ነው። እርስዋ በቦታዋ ትኖራለች፤ ብርድም አታስገባም። የምትጎዳው የሠሪውን ኩራት ብቻ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1917 እና በ1918 ዓ.ም.፥ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ሕዝቡን ለወታደሮች ካልሲና ሹራብ እንዲሠራ በጠየቀ ጊዜ፥ ተማሪ ቤት ያሉ ልጆች ሳይቀሩ መርፌ ያዙ። ካልሲ ከውስጡ ቋጠሮ ያለበት እንደ ሆነ የሚራመደውን እግር ያቈስላል፤ ስለዚህ ቋጠሮው መፈታት አለበት። በላዩ ያለው ረድፍ ጥቂት ቢወላገድ ግን በጫማ ውስጥ ማን ያየዋል?

ምናልባት አንዱ ተነሥቶ «ይህ ለሰነፍ ምክንያት መስጠት ነው» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ሰነፍ ያመለጠችውንም ቀለበት ያልፋታልና። እኔ የምለው፥ ስሕተት በታየን ጊዜ «የሚጎዳው ማንን ነው? ለባሹን ወይስ እኔን?» ብለን እንጠይቅ ነው። ለባሹን የሚጎዳ ከሆነ፥ ሌሊቱን ሙሉ ብንደክምም እንፍታው። የሚጎዳው እኛን ብቻ ከሆነ ግን፥ ኩራታችን ትንሽ ይጎዳና ሰውየው ይሙቀው። ነውር የሌለበት ብቻ ቢፈለግ ኖሮ መኪና ይበቃን ነበር፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1589 ዓ.ም. የካልሲ መሥሪያ መኪና ከፈለሰፈ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የእጅ ሥራ የሚበልጠው፥ ሠሪው የሚለብሰውን ሰው እያሰበ ስለሚሠራው ነው። እኔ ግን በዚያ ሐምሌ ሰውየውን ረስቼ ጠርዙን አሰብሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ሹራቡን ከሣጥን አውጥቼ በሽማግሌው ፈንታ ለተቀጠረው ወጣት ሰጠሁት። ያን ጠርዝ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም፤ በቆመበት ለበሰውና አመስግኖ ወደ ጥበቃው ሄደ። ሥራው የተፈጸመው ያን ጊዜ ነው፤ ቃል ለገባሁላቸው ሰው ግን ሳይፈጸም ቀርቷል።