«ደስ ይላል» የሚለው ፍርድ

ለመሆኑ አንድ ሰው ልብ ወለድ አንብቦ ሲጨርስ «ደስ ይላል» ቢል ምን ማለቱ ነው? ሂስ ነውን? ምስክርነት ነውን? ወይስ ከአፍ እንደወጣ የሚረሳ ተራ ቃል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በአገራችን ስለ ሥነ ጽሑፍ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ይህን ቃል የሚናገረውን ሰው ከቁም ነገር ሳይቆጥር ያለፈ በመሆኑ ጉዳዩ ጠለቅ ተብሎ መታየት ይገባዋል።

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው ጎዳና፣ በደምበል ሕንፃ አካባቢ፣ መጻሕፍትን ከክንዳቸው እስከ አገጫቸው ቆልለው ከካፌ ካፌ የሚዞሩ ወጣቶች አሉ። (ደምበል የዝዋይ ሐይቅ የቆየ መጠሪያ ነው፤ ለዛሬው የከተማ ሰው ግን ስሙ ሲጠራ ትዝ የሚለው ውኃው ሳይሆን ሕንፃው ነው።) እነዚህ አዟሪዎች ስለሚሸጡት መጽሐፍ የሚናገሩት ከአራት ወይም ከአምስት ቃል አይበልጥም፤ «ይሄ ልብ ይሰቅላል»፣ «ይሄን ከጀመርከው አታስቀምጠውም»፣ «ይሄ ትንሽ ይከብዳል»። ገዢውም ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ገጽ ገልጦ ይወስናል። በሌላ ቀን ደግሞ የራሱን ፍርድ ይዞ ይመጣል፤ «መጨረሻውን አበላሸው»፣ «ልጅቷን ለምን ገደላት?»፣ «ደስ ይላል፣ ሌላ የሱ ሥራ የለም?»። ካዛንቺስም ብዙው ክፍሉ በ2017 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት፣ ወደ አንድ ግቢ የገባ መጽሐፍ ሽፋኑ እስኪላጥ ድረስ ስንት ቤት ዞሮ እንደሚመለስ የሠፈሩ ሰው ያውቀዋል። በየቤቱም ፍርድ ይሰጥበት ነበር፤ ያን ፍርድ የጻፈው ግን የለም።

ለዚህ ዓይነቱ አንባቢ የሚሰጠው ግምት ዝቅተኛ ነው። ከፊሉ ምሁር «ጊዜ ማሳለፊያ» ብሎ ይተወዋል። ከፊሉ ደግሞ፣ በተለይም በ1970ዎቹ ሥር ሰዶ በነበረው የሂስ ልማድ፣ ከእያንዳንዱ ልብ ወለድ አርአያ የሚሆን ጀግናና የማያሻማ ትምህርት ይጠይቅ ስለነበር የአንባቢውን ደስታ እንደ ንቃት ጉድለት ይቆጥርበት ነበር። ሁለቱ ወገኖች በሌላው ሁሉ ቢለያዩም ተራው አንባቢ የሚለው አይረባም በሚለው ይስማማሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። «ደስ ይላል» የምስክር ቃል ነው። ምስክር ሕግ አይተነትንም፤ በዓይኑ ያየውን፣ በሰውነቱ የደረሰበትን ይናገራል። በመጽሐፉ ምክንያት እንቅልፉን ያጣው፣ ከታክሲ መውረጃውን ያለፈው፣ እንባው የመጣው እሱ ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ስለ አንድ መጽሐፍ ኃይል መመርመር የሚፈልግ ሁሉ ከዚህ ምስክር መጀመር አለበት። ምስክሩን ከችሎት አስወጥቶ የሚፈርድ ዳኛ ምን ዓይነት ዳኛ ይባላል?

ይህ ምስክር ከሚናገረው በላይ እንደሚያውቅ ለማሳየት «ኦሮማይ» ይበቃል። የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ሲወጣ፣ ላይ ላዩን ለተመለከተው የፍቅርና የስለላ ታሪክ ነበር፤ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም በቀይ ኮከብ ዘመቻ ምክንያት ወደ አሥመራ ይሄዳል፣ በዚያም ፊያሜታን ይወዳል። መንግሥት መጽሐፉን ከገበያ ሰበሰበው፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። መጽሐፉ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይነበብ ነበር። አንብቦ የጨረሰ ሰው «እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ደስ ይላል» ብሎ ቢያልፍ፣ የቃሉ ማጠር የአእምሮውን ማጠር አያመለክትም፤ በዚያ ዘመን ከዚያ በላይ መናገር ዋጋ ያስከፍል ነበርና። እንዲያውም መጽሐፉን ያስሰበሰበው ባለሥልጣን ከብዙ ኀያስያን ይልቅ ተራውን አንባቢ ያከበረ ይመስላል፤ የማይገባው አንባቢ ከሆነ ምን ያስፈራል?

እስከዚህ የተናገርሁት ለአንባቢው ጥብቅና በመቆም ነው። ነገር ግን ጥያቄው በዚህ አያበቃም፤ የሥነ ምግባሩ ጭንቅ የሚጀምረው ገና ከዚህ ነው። ምስክሩ እውነተኛ መሆኑ የደስታውን ምንጭ ንጹሕ አያደርገውም። ከባድ ድርሳን ስናነብ ነቅተን፣ እየተጠራጠርን፣ እየተከራከርን ነው። ቀላል የተባለውን ልብ ወለድ ግን ያለ ዘብ እናስገባዋለን። ደራሲው የርኅራኄያችንን መስኖ በፈለገው ማሳ ይቀድደዋል፤ እኛም ውኃው መፍሰሱን እንጂ የትኛው ማሳ እንደጠጣ፣ የትኛው እንደደረቀ አናስተውልም። ሰው ለማን እንዳዘነ ይጠየቅበታልን? ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ።

ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኮንን በዘመነ ደርግ የፖለቲካ እስረኛ ሳለ የአሜሪካዊቷን የማርጋሬት ሚቸልን ረጅም ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ተረጎመው። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ነው፤ ብዛቱም ወደ 3000 ይጠጋ እንደነበር ይነገራል። የተረጎመውን ለእስረኛ ጓደኞቹ ያነብላቸው ነበር። ጽሑፉ በድብቅ ከእስር ቤት ወጣ፤ ከዓመታት በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታትሞ ለሕዝብ ቀረበ። ርእሱ የተወሰደው ከልብ ወለዱ መዝጊያ ሐሳብ ነው።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲታተም ወዲያው በገበያ የተሻማ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ደግሞ ፊልም ሆኖ ዓለምን ያዳረሰ፣ በሁሉም መልኩ የሰፊው አንባቢ መጽሐፍ ነው። ባለታሪኳ ስካርሌት ኦሃራ በጆርጂያ የጥጥ እርሻ ያለው ባለርስት ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቤቷ ይፈርሳል፣ ትራባለች፣ ዳግመኛ ላለመራብ ትምላለች። በእስር ቤት ውስጥ ሆኖ ይህን ለሚሰማ ሰው «ነገ» የሚለው ቃል ጌጥ አይደለም። ሌሊት ስም ተጠርቶ ሰው በሚወሰድበት ዘመን፣ ነገ መኖሩ ራሱ የሚያከራክር ጉዳይ ነበር። እነዚያ ሰዎች በአንዲት የነጭ ባለርስት ልጅ ጽናት መጽናናታቸውን ማን ሊነቅፍ ይችላል? ከደጅ ቆሞ፣ ጠግቦ አድሮ፣ «ለተሳሳተ ሰው አዘናችሁ» ሊላቸው የሚደፍር ኀያሲ ቢኖር ቢያፍር ይሻለዋል።

ይሁንና ስካርሌት የተራበችበትን እርሻ ያለሙት ባሮች ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ ባሮቹ በአብዛኛው በባርነታቸው ደስተኞች፣ ለጌቶቻቸው ታማኞች፣ ነፃ ሲወጡም መሄጃ የሚጠፋቸው ሆነው ቀርበዋል። ሞግዚቷ ማሚ ልጅቷን ከማሳደግ በቀር የራሷ ሕይወት፣ የራሷ ኀዘን ያላት አትመስልም። ጥቁሮችን ያሸበረው የኩ ክሉክስ ክላን ማኅበር እንኳ የክብር ጠባቂ ተደርጎ ተሥሏል። አንባቢው ከስካርሌት ጋር ሲያለቅስ ይህንንም አብሮ ይጠጣዋል። በእኩልነት ሐሳብ ምክንያት ታስሮ የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ለደረሰባት ማዘን! ይህ ቅራኔ በቀላሉ የሚፈታ አይደለም፤ እኔም ለመፍታት አልቸኩልም።

«ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይነካንም» የሚል አንባቢ ቢኖር ቆም ብሎ ያስብ። በአገራችን ባርነት ሙሉ በሙሉ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት ዛሬ በሕይወት ያሉ አረጋውያን በተወለዱበት ዘመን በብዙ ባላባት ቤት እንጨት የሚሰብር፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ልጅ የሚያዝል፣ የተገዛ ወይም በውርስ የተላለፈ ሰው ነበር ማለት ነው። ስለነዚያ ሰዎች በየቤቱ የሚወራው ምንድን ነው? «እንደ ልጅ ነበረ የምናያት»፣ «እሷም እኛን ትታ መሄድ አልፈለገችም»። ማሚን የፈጠረው ብዕርና ይህን ወግ የሚያወራው አንደበት ዘመዳሞች ናቸው። ወጉን የሚያወሩት የታዘለው ልጅ ልጆች ናቸው፤ አዛዪቱ የተናገረችው አልተሰማም። ስለዚህ አማርኛ አንባቢ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ሲያነብ ማሚን እንደ ባዕድ ሊያያት አይችልም። በቤቱ ታውቃለች።

ታዲያ መጽሐፉ ይወገዝ? አይመስለኝም። ውግዘት በ1976 ዓ.ም. ምን እንዳደረገ አይተናል። ከዚህ ይልቅ የአሊስ ራንዳል ምሳሌ ይማርከኛል። ይህች ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ የሚቸልን መጽሐፍ አንብባ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ያንኑ ቤት ከማሚና ከባለርስቱ በተወለደች ባሪያ አንደበት የሚተርክ ልብ ወለድ አሳተመች። የሚቸል ወራሾች ለማሳገድ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን እገዳውን አነሣው። ራንዳል ያደረገችው ምንድን ነው? በመጽሐፉ መማረኳን ሳትክድ፣ መስኖው ያልደረሰበትን ማሳ ፈልጋ ማግኘቷ ነው።

ርኅራኄ ሁልጊዜ በዚህ መንገድ ብቻ ይሳሳታል ማለቴ አይደለም። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፣ ይልቁንም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ካነበበው በኋላ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አልቅሷል። ብዙው አድማጭ የወደደው ፍቅሩን ነው፤ «ምን ተማርህ?» ቢባል ስለ ባላባታዊ ሥርዓት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይናገር ይችላል። ነገር ግን ለሁለቱ ሲያለቅስ የለያያቸውን የዘር ቆጠራ መጥላቱ አይቀርም። የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ሲዋረድ፣ ገበሬዎቹ ከአበጀ በለው ጋር ሲነሡ ልቡ ከማን ጋር እንደሆነ ራሱ ያውቀዋል፤ ጉዱ ካሳን እብድ ብሎ ጀምሮ ብቸኛው ጤነኛ መሆኑን አምኖ ይጨርሳል። እዚህ ላይ የፍቅር እንባ የፍትሕ ማሳ አጠጥቷል። በአንደኛው መጽሐፍ እንባው ዓይን ሲጋርድ በሌላው ዓይን ገልጧል፤ ያለቃሹ የዋህነት ግን በሁለቱም አንድ ነው። እንግዲህ የአንባቢውን የዋህነት ማመስገንም ሆነ መውቀስ ብቻውን የትም አያደርስም።

በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ በተደጋጋሚ ስለታተመው ስለ ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ም ብዙ ተብሏል። የጣና ገዳማትን፣ ስለላንና በባሕር ማዶ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንትን አንድ ላይ የሚያጋጥም መጽሐፍ ነው። ወጣቱ እየተሻማ ሲያነበው ብዙ የሥነ ጽሑፍ ሰው ፊቱን አዞረ። የአንባቢው ደስታ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም፤ በዕውቀት ኋላ ቀርተሃል ሲባል ላደገ ትውልድ በዕውቀት የሚበልጥ ወገን በልብ ወለድም ቢሆን ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም። ያን ደስታ የናቀ ኀያሲ ወጣቱን አጣው። ያን ደስታ ያከበረ መምህር ግን «እኛ ሁልጊዜ ሊቅ፣ ሌላው ሁልጊዜ ሸራቢ የሚሆንበት ታሪክ ለምን እንዲህ ይጣፍጠናል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችል ነበር።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳብ ስነግረው «እንግዲያውስ ደክሞት ወደ ቤቱ የገባ ሰው ማረፊያ የለውማ!» አለኝ። አለው። ማሞ ውድነህ ያቀረቡልንን የስለላ ታሪኮች ስንቱ ሰው በሌሊት ጨርሶ በማግስቱ ሥራውን ሠርቷል። ማታ የሚነበበው ይነበብ፤ እኔ የምለው ስለ ጠዋቱ ነው።

በየትምህርት ቤቱ የአማርኛ መምህራን ተማሪውን «የመጽሐፉ ጭብጥ ምንድን ነው?» እያሉ ሲጠይቁ ኖረዋል፤ ተማሪውም ጭብጥ የሚባለውን ነገር ከማስታወሻው ገልብጦ ሲመልስ ኖሯል። በምትኩ «የት ላይ አለቀስህ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ የራሱ ይሆናል፣ ሊገለበጥም አይችልም። ያን ካለ በኋላ መጽሐፉን እዚያው ገጽ ላይ ገልጦ በዚያ ቤት እሳቱን ያነደደው፣ ውኃውን የቀዳው፣ በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ፣ ስሙ ተጽፎ እንደሆነና ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ ይፈልግ። አንድ ክፍል ተማሪ በዚህ መከራከር ከጀመረ ክፍለ ጊዜው አይበቃውም።