ላቦራቶሪውን ለምትረከብ ልጄ

ልጄ፣ ከምርምር ቡድኑ ወጥተሽ የላቦራቶሪውን አገልግሎት ልትይዢ ማሰብሽን ሰምቻለሁ። አባትሽ «ዶክተር ትሆናለች ስንል ማሽን ጠባቂ ልትሆን ነው» ብሎ ተከፍቷል። ወንድሜ ነውና እሱን እኔ አነጋግረዋለሁ። አንቺ ግን ዕድሜውን ላቦራቶሪ ውስጥ የፈጀ ሰው የሚልሽን ስሚ።

የዚህን ሥራ ክብር ለማየት ከአየር ጤና ሰፈር ርቀሽ መሄድ አያስፈልግሽም። እዚሁ ዘነበወርቅ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ፣ በአለርት ግቢ ውስጥ፣ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። ስሙ በ1873 እ.ኤ.አ. የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ላገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ዛሬም ቢሆን እንደ ሌሎቹ በላቦራቶሪ ማሳደጊያ ላይ አይበቅልም። ስለዚህ መድኃኒት መላመዱን ለማወቅ ሳይንቲስቶች ለረጅም ዘመን የአይጥ የእግር መዳፍ ውስጥ እየወጉ ያሳድጉት ነበር። አንዱ ባክቴሪያ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ውጤት ለማየት ወራት መጠበቅ ግድ ነው። በእነዚያ ወራት አይጦቹን የሚያበላ፣ ቤታቸውን የሚያጸዳ፣ የትኛው አይጥ የየትኛው በሽተኛ ናሙና እንደተሰጠው ሳያዛንፍ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። አንድ መለያ ቢሳሳት የወራት ልፋት ገደል ይገባል። ዳፕሶን የተባለው የሥጋ ደዌ መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ የታወቀው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1981 እ.ኤ.አ. መድኃኒቶቹ ተጣምረው እንዲሰጡ የመከረው፣ እንዲህ ያለው ትዕግሥት ባስገኘው መረጃ ጭምር ነው። የእነዚያን መዝጋቢዎች ስም ዛሬ ማን ያነሣዋል? ይህ ያሳዝነኛል፤ ሥራው ግን ሰው አድኗል።

የእንዶድንም ነገር አስቢ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስተዋሉ። በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲሰጣቸው ግን ብቻቸውን አልቆሙም፤ ለገሠ ወልደዮሐንስም አብረዋቸው ተሸለሙ። ግኝቱ ብቻውን ወንዝ ዳር አይደርስማ! የትኛው ዝርያ እንደሚሻል፣ እንዴት እንደሚለማ የሚደክምበት ሰው ይፈልጋል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። የምትሄጂው ጽሑፍሽ ተመልሶብሽ ተናደሽ፣ ወይም ከአማካሪሽ ተቀያይመሽ ከሆነ ትንሽ ቆዪ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ነገሩ ሌላ ከሆነ፣ ማለትም የሌላው ሰው ሙከራ በአንቺ እጅ ሲሳካ ልብሽ በእውነት ደስ የሚለው ከሆነ፣ ሂጂ፤ እኔም እመርቅሻለሁ። ዶክትሬቱን ግን በጎን እገፋዋለሁ አትበይ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከፈለግሽው ያኔ ትመለሺበታለሽ።

ሥራው ምን እንደሆነም ዓይንሽን ገልጠሽ እዪ። ማይነስ 80 ፍሪዘር ውስጥ ያለው ናሙና የስንት ሰው ደምና ፈቃድ ነው። መብራት ሌሊት ሲሄድ የምትጠሪው አንቺ ነሽ። የፒፔቱ ልክ በጊዜው ካልተረጋገጠ፣ ባዮሴፍቲ ካቢኔቱ በዓመቱ ካልተፈተሸ፣ የተመራማሪው ቁጥር ሁሉ ያጠራጥራል። ሪኤጀንት ከውጭ የሚመጣ ነውና ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ሲጋመስ ማዘዝ አለብሽ። ማሽን ከተበላሸ በኋላ ባለሙያ ፍለጋ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የቀደሙት ሰዎች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህም ይሠራል። በእርዳታ መጥቶ የሚያስነሣው ሰው ጠፍቶ ጨርቅ ለብሶ የቆመ ውድ ማሽን ባየሁ ቁጥር የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እላለሁ። ተቃራኒውን ግን በኮቪድ ጊዜ አየን። የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የተላከው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ ሲነገር ግን ምርመራው እዚሁ አገር ውስጥ ነበር የሚሠራው። በዚያ አጭር ጊዜ ማሽኑን ያሰናዱትን፣ ውጤቱን ያረጋገጡትን ሰዎች አስቢያቸው። አንቺም ከእነሱ ወገን ልትሆኚ ነው።

ስትገቢ ዲግሪሽን አታስቀድሚ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። እዚያ ያሉት አንጋፋ ቴክኒሻኖች የአውቶክሌቩ ድምፅ ሲለወጥ ምን እንደጎደለው ያውቃሉ፤ ያ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም። አጠገባቸው ቁሚ፣ ጠይቂያቸው፣ የሚነግሩሽንም ጻፊው። ጡረታ ሲወጡ እውቀቱ አብሯቸው እንዳይሄድ።

በድርድር ላይ ግን አትፈሪ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። በተለይ የስም ነገር አስቀድሞ ይለይ። የዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ መመዘኛ ግልጽ ነው፦ በጥናቱ ንድፍ፣ ወይም መረጃውን በመሰብሰብ ወይም በመተንተን ከፍተኛ ድርሻ ያለው፣ ጽሑፉን በመጻፍ ወይም በማረም የተሳተፈ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀና በኃላፊነት የሚጠየቅ ሰው ደራሲ ነው። አጠቃላይ ድጋፍ ብቻ የሰጠ በምስጋናው ክፍል ይጠቀሳል። አዲስ ዘዴ አውጥተሽ መረጃውን የተነተንሽው አንቺ ከሆንሽ፣ ረቂቁን የማየት ዕድል ይሰጠኝ ብለሽ ጠይቂ። ይህንንም ሙከራው ሳይጀመር ተነጋገሪ፤ ዝም ካልሽ አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀሙት ይሆንብሻል።

የቅጥር ደብዳቤው ሲደርስሽ ሳትፈርሚ ቤት አምጪውና አብረን እናንብበው። ደረጃሽና የሥልጠና ዕድልሽ መጻፉን፣ የመለዋወጫና የጥገና በጀቱን ማን እንደሚያዝ፣ ሌሊት ለምትጠሪበት ምን እንደሚከፈልሽ እናያለን። የጎደለ ካለ እንዲያስተካክሉት በትሕትና የምትጠይቂበትን ማመልከቻ እዚያው እንጽፋለን።