ስለ ልብ ዕረፍት

አንባቢ ሆይ፤ ከቀን ሥራ በኋላ ልታርፍ ስትቀመጥ እጅህ አስቀድሞ ወዴት እንደሚሄድ አስተውለሃልን? ወደ ስልክህ አይደለምን? በሐምሌ ወር መጨረሻ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ብዙ ሰው ተጨነቀ። የዘመዱ ወሬ ጠፍቶበታልና እኔ አልነቅፈውም። ነገር ግን ስልኩ ዝም ሲል ልቡ ዝም አላለም፤ በግድ የመጣ ጸጥታ ዕረፍት አይሆንምና።

በማርቆስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው በዝቶ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ፥ ጌታችን ሐዋርያቱን ብቻቸውን ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው። ዛሬ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው በመዳፍህ ውስጥ ነው።

የጨፋ ሮቢት ሰው ብትሆን ምድረ በዳ መፈለግ አያሻህም። ጀምበር ሳትጠልቅ፥ ስልክህን በቤት ትተህ፥ ወደ ጨፋው መስክ ውረድ፤ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ከሩቅ ነድተው የሚያሰማሩበትን ሣር፥ የቦርከናንም ውኃ ተመልከት። መጀመሪያ እጅህ ኪስህን ይዳብሳል፤ ታገሠው። ተመልሰህም ቡና ሲፈላ ከቤተ ሰዎችህ ጋር ተቀመጥ፤ ከአቦል እስከ በረካ ጠጣ፤ እናትህም የምትነግርህን ሳታስደግማት ስማ።