ጉልበትህን ለመርማሪው አታሞግስ

ልጄ፣ ደብዳቤውን ተቀምጬ አነበብኩት። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ቪኤ፣ ጉልበትህ መታመሙን አልካደም፤ የካደው ሕመሙ ከአሜሪካ ጦር አገልግሎትህ መምጣቱን ነው። ቁጣህን ለጊዜው አቆየውና የጎደለውን እንፈልግ።

ቀኑን ተመልከት። ከደብዳቤው ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት አለህ። በዚያ ውስጥ ይግባኝህን ካስገባህ፣ ኋላ ሲፈቀድልህ ክፍያው በአብዛኛው ከመጀመሪያው ማመልከቻህ ጀምሮ ይታሰባል። ካለፈ በኋላም አዲስ ማስረጃ ይዘህ መመለስ ትችላለህ፤ የኋላው ገንዘብ ግን ይቀርብሃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

ከ2019 ወዲህ መንገዱ ሦስት ነው። አዲስ ማስረጃ ያለው በፎርም 20-0995 ተጨማሪ ማመልከቻ ያስገባል። ያለውን ማስረጃ በትክክል አላዩልኝም የሚል በከፍተኛ ባለሙያ እንዲታይለት ይጠይቃል፤ እዚያ አዲስ ወረቀት አይቀበሉም። ሦስተኛው የይግባኝ ቦርዱ ዳኛ ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። አንተ የጎደለህ የሐኪም ደብዳቤ ስለሆነ፣ እሱን አስጽፈህ የመጀመሪያውን መንገድ ያዝ። ያንኑ ፋይል መልሶ መስደድ ያንኑ መልስ መጠበቅ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሐኪምህ የወታደር ቤት የሕክምና መዝገብህን ያንብብና ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመምጣቱ ዕድል ካለመምጣቱ ቢያንስ እኩል መሆኑን ከነምክንያቱ ይጻፍ። «ሊሆን ይችላል» ብቻ አይበቃም። እርግጠኛ ነኝ ማለትም አይጠበቅበትም፤ ማስረጃው እኩል ከሆነ ሕጉ ለአንተ ያደላል። ክሊኒክ ሳትሄድ ውጠኸው ያለፍከውን ሕመም ደግሞ ጓዶችህ ይመስክሩ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ነው። ያን ሁሉ ጭነት ተሸክማችሁ ስትጓዙ ማነከስህን ያዩ ሰዎች አሉ፤ ደውልላቸውና ያዩትን ጽፈው ይፈርሙ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቪኤ የሚያዝልህ የአካል ምርመራ ነው። እኛ እንዴት ነህ ሲሉን፣ ወገባችን ቢቆረጥም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ምስጋናውን ለቤተ ክርስቲያን አቆየው! መርማሪው ጉልበትህ ምን ያህል እንደሚታጠፍ በመለኪያ ይለካል። 45 ዲግሪ ላይ ከተገታ የጉዳት ደረጃህ 10 በመቶ፣ 30 ላይ ከተገታ 20 በመቶ ነው። አንተ ጥርስህን ነክሰህ 120 ብታደርስለት 120 ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ሕመሙ የጀመረበት ላይ «እዚህ ጋ አመመኝ» በል፤ ሲንቀሳቀስ ለሚያም መገጣጠሚያም ደንቡ ቦታ ሰጥቶታል። ሲነሣብህ ስንት ቀን እንደሚያስተኛህ፣ ደረጃ መውጣትና መንበርከክ እንዴት እንደሚያቅትህ ንገረው። በ2017 የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ መርማሪ ሕመሙ ሲነሣ በዓይኔ አላየሁም ብሎ ብቻ ማለፍ እንደማይችል ወስኗል። ነገር ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ማጋነን ግን አላልኩም፤ ቢሮ ውስጥ እያነከሱ መኪና ማቆሚያው ላይ መሮጥ የሚታይ ነገር ነው።

በዚህ ጉልበት የተነሣ ዳሌህም እየታመመ ከሆነ ለብቻው ማመልከት ይቻላል፤ እሱን በኋላ እናየዋለን።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አታውጣ። አሜሪካን ሌጅንና ዲኤቪ የተባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ወኪሎች በነፃ ይረዳሉ። ደውሎ «መቶ በመቶ አስፈቅድልሃለሁ፣ ድርሻዬን ስጠኝ» የሚልህን ሰው፣ ስሙ ቪኤ ፈቃድ በሰጣቸው ሰዎች መዝገብ ላይ መኖሩን ሳታይ ምንም አትፈርምለት።