አንድ ወገኑ የተበላ ጎማ

ለሊስትሮ ጫማውን የዘረጋ ሰው አካሄዱንም አብሮ ይዘረጋል። ተረከዙ በውጭ በኩል ካለቀ፣ ባለቤቱ እንዴት እንደሚረግጥ ሊስትሮው ቀና ብሎ ሳያይ ያውቃል። ከሴስና 172 አውሮፕላን እግር ሥር በርከክ ብዬ ጎማዋን ስዳስስ ይህ ትዝ ይለኛል። በውስጥ በኩል ያለው ቦይ ጣቴን ያስገባል፤ በውጭ በኩል ያለው ግን ልሙጥ ሆኗል።

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «የሆነ ነገር ተጣሟል» የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ ተጣሟል። ግን ጥመቱ የታሰበበት ነው።

የዚህች አውሮፕላን ዋና እግሮች እንደ ጭነት መኪና ባሌስትራ ናቸው፤ የማረፍን ጉልበት የሚቀበለው ብረቱ ራሱ እየተለመጠ ነው። ሐሳቡ የአሜሪካዊው የእሽቅድድም አብራሪ የስቲቭ ዊትማን ነበር። የሴስና ኩባንያ ከእሱ ወስዶ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በሞዴል 140 ላይ ተጠቀመበት፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣችው 172ም ወረሰችው። ጠፍጣፋው ብረት በኋላ በቱቦ ቢተካም ጠባዩ አልተለወጠም።

አየር ላይ እግሮቹ ሸክም ስለሌለባቸው ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ጎማዎቹም በታች በኩል ይቀራረባሉ። ስለዚህ መሬት ሲደርሱ ቀድሞ የሚነካው የውጩ ጠርዝ ነው። ክብደት ሲያርፍባቸው እግሮቹ ይከፈታሉ፣ ጎማውም እየቀና ይሄዳል። አንድ ተማሪና አንድ አስተማሪ ብቻ ይዛ ቀኑን ሙሉ የምትወጣና የምትወርድ አውሮፕላን ጎማዋን በውጭ በኩል ብትጨርስ አይገርምም፤ ሙሉ ጭነት ያዘወተረችው በእኩል ትጨርሳለች፣ አልፎ አልፎም በውስጥ በኩል። ባዶውን ቀጥ ብሎ የሚቆም እንዲህ ያለ እግር ሸክም በመጣ ቀን ይንጋደድ ነበር።

ይህ ማለት ግን የሰው እጅ የለበትም ማለት አይደለም። ነፋስ ከጎን ሲመታ አብራሪው አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይመጣል። መሬት ሊነካ ሲል አፍንጫዋን ከማኮብኮቢያው ጋር አቅንቶ፣ በነፋሱ በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ አድርጎ በአንድ ጎማ ቀድሞ መርገጥ ይኖርበታል። ሳያቀና ከረገጠ ጎማው እየተንከባለለ ወደ ጎን ይፋቃል። ፍሬን ቸኩሎ ከረገጠ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ራሰ በራ ይሆናል። እንደ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ማኮብኮቢያ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የፍጥነት መርፌው የለመደውን ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኗ መሬቱን የምትነካው ከ10 በመቶ በሚበልጥ ተጨማሪ ፍጥነት ነው። አብራሪው ከመርፌው የማያነበውን ጎማው በላስቲኩ ይከፍላል።

እንግዲህ የተበላው ጎማ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ በማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ለዚህ ነው አስተዋይ መካኒክ ለመፍረድ የማይቸኩለው። በየጎማው ሥር ግራሶ የተቀቡ ሁለት ስስ ቆርቆሮዎች ደራርቦ ያነጥፋል፤ ከዚያ አውሮፕላኗን ወዝወዝ ያደርጋታል። ላስቲክ ወለሉን ነክሶ ከያዘ እግሩ ወደ ራሱ ቦታ አይመለስም፤ የሚለካውም የእግሩ አቋም ሳይሆን የወለሉ ጉተታ ይሆናል። ቆርቆሮው ሲንሸራተት ግን እግሩ በገዛ ክብደቱ ልክ ይቆማል። ያኔ ይለካል። ጥመቱ ከልኩ ካለፈ በእግሩና በጎማው አክሰል መካከል ሽብልቅ መሰል ስስ ብረት ያስገባል።

ልኩ ደህና ከሆነ ሌላ ነገር ያደርጋል። ክሩ ሳይወጣ ጎማውን ከቸርኬው አውልቆ ገልብጦ ይመልሰዋል፤ ያልተበላው ወገን ወደ ውጭ ይዞራል። እግሩን አይነካውም።

ከዚያ አውሮፕላኗ ትነሳለች። መሬቱን ስትለቅ እግሮቿ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ከታች ሆኖ ላያቸው ጠማሞች ናቸው። ስትመለስ በውጩ ጠርዝ ትነካለች፤ ክንፉ ሸክሙን ለእግሩ ሲያስረክብ በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ጎማዋ ይቀናል፣ ከአዲሱም ወገን ትንሽ ላስቲክ አስፋልቱ ላይ ትታ ታልፋለች።