«ስንት ያወጣል?»

ጥርባ፣ ከወላጆቼ ግቢ ጎን፣ ባሕር ዛፍ ሥር አንዲት ቮልስ ቆማለች። ከቆመች አሥራ አንድ ክረምት አልፏል። የአዊን ክረምት የምታውቁ ላሜራዋ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝም። ይነዷት የነበሩት መምህር ካረፉ ወዲህ ከዶሮ በቀር የገባባት የለም።

ባለፈው ፋሲካ ስመጣ ባለቤታቸው፣ እትዬ የምንላቸው፣ ጠሩኝ። ቁራሌው በኪሎ መዝኖ ሊወስዳት ጠይቋቸዋል። «አንተ መሐንዲስ ነህ ልጄ፣ ስንት ያወጣል? እንዳያታልሉኝ» አሉኝ። የተመረቅኩት በኤሌክትሪካል፣ እንጀራዬ ኮድ መጻፍ። ሰፈራችን ግን መሐንዲስ መሐንዲስ ነው። ያልነገርኳቸው ነገር ቢኖር ቮልሷን ራሴ እንደምፈልጋት ነው።

ላፕቶፔን ከፍቼ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ታድሳ ብትሸጥ የምታወጣው፣ ሲቀነስ ዕቃ፣ ሲቀነስ የጋራዥ እጅ፣ ሲቀነስ ማጓጓዣ። ቮልስ ለእንዲህ ያለ ሥራ ደግ መኪና ናት፤ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር ይቀዘቅዛል፣ ራዲያተር የሚባል ጣጣ የላትም። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ስለወጣች ሱማሌ ተራ የዞረ ሰው ዕቃዋን ያገኛል። ሞተሩ አለመዞሩም አላስፈራኝም። የሚያስፈራው ወለሉ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር፣ ባትሪው የሚቀመጥበትን በካቻቢቴ ጫን አልኩት፤ እንደ ዳቦ ገባ። ብየዳ፣ ብዙ ብየዳ።

ከዚያ ሊብሬው ከሳጥን ወጣ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ሒሳቡ እዚህ ላይ ተገለበጠ። ሊብሬ የሌላት ቮልስ ብረት ናት፤ ያላት ግን መኪና ናት። በተለይ አሁን። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና በተኛበት ዋጋው ጨመረ። እትዬ ይህን አያውቁም። እኔ አውቃለሁ።

ሰንጠረዡ 160 ሺህ አለ። አፌ «40 ሺህ» አለ። ቁራሌው ካላቸው እጥፍ ነበር። «እግዜር ይስጥህ» ብለው ቡና አፈሉልኝ።

ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው፣ ኋላም ኖቤል ባስገኘለት ጽሑፍ፣ የአሮጌ መኪና ገበያ የሚበላሸው ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ስለማያውቅ ነው ይላል። እኔ ጋ ተገልብጦ መጣ። የሮማው ሲሴሮ ደግሞ የቆየ ጥያቄ አለው፦ ሮድስ ተርባለች፤ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቀድሞ ደረሰ፤ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እንዳሉ ያውቃል። ይናገር? ፈላስፋው ዲዮጋንስ አትዋሽ እንጂ ሁሉን ንገር የሚል ግዴታ የለም ባይ ነው። አንቲጳጥሮስ ግን መደበቅ የለበትም ይላል፤ ሲሴሮም ወደዚህኛው ያደላል።

ሌሊቱን ዲዮጋንስ ጀርባ ልደበቅ ሞከርኩ። ክርክሩ ደካማ አይደለም እኮ! ዕውቀቴን በነፃ አላገኘሁትም፤ ኪሳራ ቢመጣም የእኔ ነው። ግን የሮድሱን ነጋዴ «ገምትልኝ» ያለው የለም። እኔን እትዬ የጠየቁኝ እንደ ገዢ አይደለም፤ ከገዢ እንዳድናቸው ነው። «40 ሺህ» ስል የገበያ ዋጋ መደበቄ ብቻ አልነበረም፤ ዲዮጋንስ ራሱ የሚከለክለው ውሸት ነበር።

ደግሞ የቮልስ ዋጋ መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል? መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ ስትወጣ የውርደት ምልክት ሆነች። መምህሩ ግን በእሷ ገበያ ሲወጡ ልጆች ተከትለን እንሮጥ ነበር። ይህ ሰንጠረዤ ውስጥ ዓምድ የለውም። የራሴ የሥራ ሰዓትም አልነበረውም፤ ዜሮ ብዬ አልፌዋለሁ፣ ሶፍትዌር ላይ ሁሌም እንደምናደርገው።

ጠዋት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቮልሷን መፈለጌን ጭምር። ሰዓቴን ቆጥሬ 120 ሺህ አልኳቸው። «ታዲያ ትናንት ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ እናቴ ዞረው በአገውኛ አንድ ነገር አሏት። ሰምቻለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

እንጅባራ ላለው ወንድማቸው ደውለው አማከሩ። 130 ሺህ ላይ ተስማማን፣ በአራት ክፍያ። ሁለቱን ከፍያለሁ። ቮልሷ አሁንም ባሕር ዛፉ ሥር ናት፤ ሊብሬው ሳጥን ውስጥ። የመጨረሻው ብር ሳይገባ አይወጣም ብለዋል፤ ደረሰኝም አስፈርመውኛል።